ለጋሪ የሚነሱት ሰው

በ2081 ዓ.ም. ሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት ሰፈራችንን ያሳቁት ነገሮች እነዚህ ነበሩ። የብሎክ 12 ነዋሪ የሆኑ ሴትዮ ሾፌርም ረዳትም በሌለው አውቶቡስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ብለው ሦስት ጊዜ ተጣሩ። ብሎክ 27፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ለፋሲካ ተገዝቶ ቢላዋ የሚያነሳበት የጠፋ በግ የበር ደወል በተደወለ ቁጥር ከቤቱ ሰዎች ቀድሞ መልስ ይሰጣል። የተኳረፉ ባልና ሚስት «ራት ቀርቧል በለው»፣ «አልራበኝም በላት» እያሉ ፍሪጃቸውን ስምንት ቀን ሙሉ ሽማግሌ አድርገው አዋሉት። አንድ ጎልማሳ የተሳሳተ ድንኳን ገብቶ ለማያውቀው ሰው ሩብ ሰዓት አለቀሰ፤ ንፍሮውን ዘግኖ ሲወጣ በሩ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አየና ደርቆ ቀረ።

እነዚህን ሁሉ የለቀምኩት እኔ ነኝ። ሄርሜላ እባላለሁ፣ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ የምዕራፍ ሰባት ኮንዶሚኒየም፣ የብሎክ 38 ለቃሚ ነበርኩ።

ሥራው ቀላል ነበር። ደረጃው፣ በሩ፣ ግቢውና ኮሪደሩ ትናንት ያዩት ነገር ሁሉ ተጣርቶ በጠዋት ይመጣልኛል። ሁለት መቶ ያህል ቪዲዮ ነው። ከዚያ ውስጥ ሰባት እለቅማለሁ፣ ረዘም ያለውን እቆርጣለሁ፣ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ አምስት ሰዓት ሳይሞላ «የሰፈር ጉድ» ላይ እለጥፋለሁ። ሰው ይስቃል። ሳቁ ይመዘገባል። በሳቅ የቀደመ ብሎክ በጥገና ይቀድማል። የምዕራፉ አስተዳደር ይህን ደንብ ያወጣ ጊዜ የሚሳሳቅ ብሎክ የሚተሳሰብ ብሎክ መሆኑን የሚያረጋግጥ ጥናት አለ ብሎ ነበር። ጥናቱን ያየ ሰው አላጋጠመኝም።

የእኛ ሊፍት የቆመው በታኅሣሥ ነው። ዘጠነኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ሶልያና ከጥምቀት ወዲህ መሬት ረግጠው አያውቁም፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል። ጎመንና ሽንኩርት የሚገዙት ከመስኮት በገመድ በሚያወርዱት ቅርጫት ነው። ቅርጫቱን ሁለት ጊዜ ለቅሜዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ እምብዛም አላሳቀም።

የብሎካችን ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ናኦድ በየሳምንቱ ቤቴ በር ላይ ይቆማል።

«ሄርሜላ፣ እኛ ብሎክ ውስጥ ሰው የለም እንዴ?» ይለኛል። «ብሎክ 40ን አታዪም? አንድ በቀቀን ይዘው ሁለት ጊዜ ተጠገነላቸው።»

«በቀቀን አምጣና እለቅምልሃለሁ» እለዋለሁ።

«የዘጠነኛ ፎቋ ሴትዮ እዚያው ብታርፍ ሬሳውን በቅርጫት ልናወርድ ነው?»

ይህንን ካለኝ በኋላ ነው ጋሽ ያፌትን የለቀምኩት። ሰበብ እየፈለግሁ እንዳይመስል ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው የምናገረው።

ጋሽ ያፌት ሦስተኛ ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይወርዱና መግቢያው አጠገብ ካለው የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ እስከ ምሳ ሰዓት ይቀመጣሉ። ሰው ሳይገፋቸው ዕቃ የሚያደርሱት ጋሪዎች የሚያልፉት በዚያ በኩል ነው። ዳቦ የጫነው፣ መድኃኒት የጫነው፣ ልብስ ከላውንደሪ የሚመልሰው፣ አንድ ሎሚ ብቻ ለአምስተኛ ፎቅ የሚያደርሰው፣ ቀኑን ሙሉ ይመላለሳሉ። ጋሪ በመጣ ቁጥር ጋሽ ያፌት ሁለት መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል ያደርጉና ከወገባቸው ብድግ ብለው፣ ኮፍያቸውን አንስተው «ኖር» ይላሉ። ጋሪው ያልፋል። እሳቸው ይቀመጣሉ። ሌላ ይመጣል። እንደገና ብድግ ይላሉ።

እናቴም ሰው ቤቷ ሲገባ እንዲህ ትል ነበር። ተቀማጩ ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል፣ የገባው «በእግዜር» ይላል፣ ከዚያ ሁሉም ይቀመጣል። አሁን ሰው ሰው ቤት ብዙም ስለማይገባ ቃሉ ሥራ ፈትቷል። ለጋሪ ሲባል ግን ከጋሽ ያፌት በቀር ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ የዛሬ ስድስት ዓመት ስታርፍ ድንኳኑ በር ላይ ሦስት ቀን ቆመው ለቀስተኛ የተቀበሉልኝ ጋሽ ያፌት ናቸው። ወንድም የለኝም፤ ማንም ሳይነግራቸው በወንድም ቦታ ቆሙ። ያን ጊዜ የሚመጣውን ሁሉ ከሩቅ እያዩ በስሙ ይጠሩት ነበር። ይህን ረስቼው ቢሆን ኖሮ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። አልረሳሁትም። እያስታወስኩ ነው የለጠፍኳቸው።

የሦስት ሳምንት ቪዲዮ ሰበሰብኩ። ዘጠና አራት መነሣት አገኘሁ። ብድግ፣ ኖር፣ ቁጭ፤ ብድግ፣ ኖር፣ ቁጭ። ሲነሱ እንዲጣደፉ፣ በመሃል ያለው ዝምታ እንዲወጣ አድርጌ ቆረጥኩና ዘጠና አራቱንም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨመቅኋቸው። ከሥር የክራር ጨዋታ አስገባሁ። መስመሩም ይኸው፦ «ለጋሪ የሚነሳ ሰው ያለን እኛ ብቻ ነን።»

በመስመሩ ረክቼ ነበር። ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ጋሽ ያፌት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጉንና ፍሪጁን ቀደሙ። በሦስተኛው ቀን ከሰፈራችን ወጥተው ስሙን ሰምቼ የማላውቀው ከተማ ደረሱ። ሰዎች ቢሮ ውስጥ፣ ባንክ ቤት፣ የልጆች ትምህርት ቤት በር ላይ፣ ጋሪ ሲመጣ ብድግ እያሉ ይቀረጹ ጀመር። ሙሽሮች ለኬክ ማመላለሻ ሲነሱ አየሁ። ብሎካችን ከሠላሳ አንደኛ ወደ አንደኛ ወጣ። አቶ ናኦድ መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ ያን ያህል ዓመት ስንተዋወቅ እንዲያ አድርጎ አያውቅም። እትዬ ሶልያናም ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ልወርድ ነው ማለት ነው?» አሉኝ።

«ይወርዳሉ እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱ» አልኩ።

«እግዜር ይስጥሽ። ልጅየው አውቶቡስ ተራ ድረስ እንኳን ብቅ በይልኝ እያለ ሁልጊዜ ይጨቀጭቀኛል።» ልጃቸው ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ከጥምቀት ወዲህ አላያቸውም።

ይህን የምጽፈው ሥራው ለአንድም ሰው አልጠቀመም እንዳልል ነው። ጠቅሟል።

በዚያው ሳምንት ደረጃው ላይ ከጋሽ ያፌት ጋር ተገናኘን። እኔ እወርዳለሁ፣ እሳቸው ግድግዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ ይወጣሉ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ያፌት» አልኩ።

«ሄርሚ ነሽ? ታዋቂ አደረግሽኝ አሉ።»

«ቅር አለዎት?»

«ኧረ ምን ቅር ይለኛል። ሰው ከሳቀ ምን ከፋ። ምኑ እንደሚያስቅ ግን አልገባኝም።»

«ለጋሪ ሲነሱ ነዋ።»

እግራቸውን ደረጃው ላይ አቁመው ትንሽ አሰቡ። «እሺ። ለሰውስ ሳልነሳ የቀረሁበት አለ?» አሉኝ።

«የለም፣ ለሰውም ተነስተዋል።»

«እንግዲያው ደህና ነው» አሉና መውጣታቸውን ቀጠሉ።

ደስ የሚል መልስ ነው ብዬ ነበር። በማግስቱ ቪዲዮው ሲመጣልኝ ልለቅመው ሁሉ አስቤ፣ ድምፁ አይሰማም ብዬ ተውኩት። ጣታቸው ግድግዳው ላይ እንደነበረ ያየሁት ያኔ ነው። አይቼም ምንም አላልኩም፤ ሽማግሌ ናቸው፣ ደረጃ ነው፣ ሊፍት የለም።

ቀጥሎ የሆነውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ጋሪዎቹን የሚያሰማራው ድርጅት አጋጣሚውን ተጠቀመበት። ሰኔ አሥራ አምስት ቀን ጠዋት ጋሪዎቹ በሙሉ መልስ መስጠት ጀመሩ። «ኖር» ሲባሉ «በእግዜር» ይላሉ። ድምፁ የወጣት ወንድ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ትሕትና ያለው፣ ትንሽ የሳቀ የሚመስል። ሰው ሁሉ ወደደው። እኔም ሳቅሁ፤ ሦስት ለጠፍኩ።

ሰኔ አሥራ ሰባት ቀን ከመጡልኝ ሁለት መቶ ቪዲዮዎች ውስጥ አንዱ አርባ አንድ ሴኮንድ ነበር።

ጋሽ ያፌት አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ጋሪ ይመጣል። ብድግ ይላሉ፣ ኮፍያቸውን ያነሳሉ፣ «ኖር።» ጋሪው «በእግዜር» ይላል። ጋሽ ያፌት ፊታቸው ይበራል።

«ማን ልበል?» ይላሉ።

ጋሪው ዝም። መንገዱ ላይ ስለቆሙበት እሱም ቆሟል። ድምፁ ከታች ስለመጣ ጎንበስ ይላሉ፣ እጃቸውን ለሰላምታ ይዘረጋሉ። የተዘረጋው እጅ ከጋሪው በጣም ወደ ግራ ነው። ጋሪው ዞሮ ማለፍ ሲጀምር ጎማውን ሰምተው ይከተሉታል።

«ቆይ እንጂ፣ የማን ልጅ ነህ? ቤተሰብ ደህና ነው?»

የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ደረሱ። ቀጣዩ እርምጃ መሬት አላገኘም። በጎናቸው ወደቁ፣ ኮፍያው ተንከባለለ። ጋሪው «መንገድ ስለለቀቁልኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ሄደ።

ቪዲዮውን የሚያጣራልኝ ማሽን፣ አጣሪው፣ ይህን «በጣም የሚያስቅ» ብሎ ከላይ አስቀምጦልኛል።

ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ከዚያ የድሮዎቹን ከፈትኩ፤ የቆረጥኳቸውን ሳይሆን ዋናዎቹን። በዘጠና አራቱ ውስጥ አንድም ጊዜ ጋሪውን አላዩትም። ጭንቅላታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ጆሯቸውን ነው የሚሰጡት። «ኖር» ካሉ በኋላ ወዲያው አይቀመጡም። ጉልበታቸውን አጥፈው፣ ኮፍያቸውን ይዘው፣ መልስ ይጠብቃሉ። ሁለት ትንፋሽ፣ ሦስት ትንፋሽ። መልስ ሲያጡ ነው የሚቀመጡት። ይቺን ጥበቃ ነው እኔ የቆረጥኳት። የሚያስቀው እሷ ስትወጣ ነበር።

ሰው እያየሁ የምኖር ሴት ነኝ፤ ያውም ለዚህ ሥራ ተመርጬ። ከእኔ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብለው የሚኖሩ ሰው ማየት ካቆሙ እንደቆዩ አላየሁም።

ወረድኩና በራቸውን አንኳኳሁ። ገና ከበሩ ውስጥ «ኖር» አሉ።

«በእግዜር» አልኩ።

«ሄርሚ። ግቢ።»

ቤታቸው ንጹሕ ነው፤ ሁሉም ነገር እንደተቀየሰ መሬት ቦታ ቦታውን ይዟል። ግራ እጃቸው አንጓው ላይ አብጦ በሻሽ ታስሯል። ራሳቸው ነው ያሰሩት፤ አላማረም። ወንበር አመላክተውኝ ተቀመጥን።

«አይተሻል» አሉኝ።

«አይቻለሁ። መቼ ጀመረዎት?»

«አራት ዓመት። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው። አሁን መስኮቱ የት እንደሆነ አውቃለሁ፣ በቃ።» ፈገግ አሉ። «ሰው ከሆነ ይመልሳል፤ ሲመልስ በድምፁ አውቀዋለሁ። ዝም ካለ ጋሪ ነው፣ እቀመጣለሁ። ለሰው ሳልነሳ ከምቀር ለጋሪ መነሳት ይሻለኛል። ጋሪ አይታዘበኝም ብዬ ነበር።»

«ለምን ለእኔ እንኳን አልነገሩኝም?»

«ብቻውን የሚኖር ማየት የተሳነው ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ጠፍቶሽ ነው? የእረፍት መንደር። እዚህ ደረጃው ሃምሳ አራት ነው፣ ከደረጃው እስከ አግዳሚው አሥራ ዘጠኝ እርምጃ። እዚያ ስንት እንደሆነ አላውቅም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያቺን የወደቅሁባትን አትልቀሚያት፣ ሄርሚ። እሱን ብቻ ነው የምለምንሽ።»

«አልለቅማትም» አልኩ።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት «ሻይ ልጣድልሽ» ብለው ተነሱ። ሻዩ እስኪፈላ ወኔው ጠፋኝ። ጠጥቼ፣ አመስግኜ፣ ወጣሁ። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ እሷን አልለቀምኳትም። ጥበቃቸውን ቆርጬ እንደጣልኩ ግን አልነገርኳቸውም።

አወዳደቃቸውን ግን ጋሪውም ቀርጾት ነበር፤ ጋሪ የቀረጸው ደግሞ ለሁሉም ብሎክ ለቃሚዎች ይደርሳል። በሦስተኛው ቀን የብሎክ 40 ለቃሚ ለጠፈው። መስመሩ «ጋሪው ዘመዳቸው ነው» ይላል። ከእኔው ይበልጥ ሰው ሳቀበት። በአምስተኛው ቀን ከማኅበራዊ እንክብካቤ የመጡ ሁለት ሴቶች የጋሽ ያፌትን በር አንኳኩ። ቁጡዎች አልነበሩም። ጣታቸውን አንስተው ስንት እንደሆነ ጠየቋቸው፤ ጋሽ ያፌት በግምት «ሦስት» አሉ። አራት ነበር። ይህን በሩን የሚያየው ካሜራ አሳይቶኛል፤ እሱም በጠዋት ከመጡልኝ ውስጥ ነበር።

ሊፍቱ የተጠገነው ጋሽ ያፌት ወደ እረፍት መንደር የተወሰዱ ዕለት ነው። ሆን ተብሎ አይደለም፤ ተራችን ስለደረሰ ነው። አቶ ናኦድ ግን አጋጣሚውን ሊያሳልፈው አልፈለገም። ብሎኩን አንደኛ ያደረጉት ጋሽ ያፌት ናቸውና መርቀው ይክፈቱልን አለ። ሰው ምድር ቤት ተሰበሰበ። ሪባን ነበር። እትዬ ሶልያና በደረጃው ቁልቁል አይወርዱም፣ ከዘጠነኛ ፎቅ በስልክ ሆነው ይከታተላሉ።

የሊፍቱ በር ተከፈተ። ጋሽ ያፌት ሻንጣቸውን ይዘው፣ አንደኛዋ ሴት ክንዳቸውን ይዛ ቆመዋል። ሰው አጨበጨበ። እሳቸው ብዙ ሰው እንዳለ ከጭብጨባው ሰምተው ኮፍያቸውን አነሱ። አንድ ሰው እንኳን ስሙን ቢናገር፣ ቢያንስ የመጨረሻዋን ቀን ማን ማን እንደነበረ አውቀው ይሄዱ ነበር። ሁሉም ሰው እየቀረጸ ስለነበር ዝም አለ። እኔ ከአቶ ናኦድ ኋላ ነበርኩ። «ኖር» የሚባለው ለሚገባ ሰው ነው፤ ለሚወጣ ምን እንደሚባል እኔ አላውቅም። ስሜን አልነገርኳቸውም። መኪናው ሲነሳ እትዬ ሶልያና በስልክ «ወረዱ እንዴ? በደህና ወረዱ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ከዚያ ወዲህ ሊፍቱን ተሳፍሬበት አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝም፤ ለስፖርት ይመስላቸዋል።

የእረፍት መንደሩ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ነው። ሁለት ቅዳሜ ሄጄ ሁለቱንም ጊዜ ሳልወርድ አልፌዋለሁ፤ አውቶቡሱ መጨረሻው ድረስ ወስዶ መለሰኝ። በሦስተኛው ቅዳሜ ብርቱካን ገዝቼ ወረድኩ። የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ጋሽ ያፌት፣ እኔ ነኝ፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከበሩ እስከ አዳራሹ በየእርምጃው ደገምኩት።

አዳራሹ ሰፊ ነው፤ አግዳሚዎቹ ግድግዳውን ይዘው ይዞራሉ፣ ምግብ የሚያመላልሱ ጋሪዎች በመሃል ያልፋሉ። እዚህ ያሉት አሮጌ ሞዴሎች ናቸው፣ አይናገሩም። ጋሽ ያፌት መስኮቱ አጠገብ ነጭ ነጠላ ከለበሱ አንዲት ሴትዮ ጎን ተቀምጠዋል። ከስተዋል። ኮፍያው ያው ነው። ጠርዙ ላይ አሁንም የሲሚንቶ ቅርፊት አለበት።

አራት እርምጃ ሲቀረኝ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አደረጉ፣ ብድግ አሉ።

«ኖር።»

እንደዚያ ቆሙ። ጉልበታቸው ታጥፏል፣ ኮፍያው በእጃቸው ነው፣ ጆሯቸው ወደ እኔ ነው። ያቺ የቆረጥኳት ዝምታ በፊት ለፊቴ መጣች። አንድ ቃል ነው የቀረኝ፤ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚለው ቃል። «በእግዜር» ካልኩ ድምፄን ያውቁታል። ካወቁት ፊታቸው ይበራል፤ «ሄርሚ» ይላሉ። ያንን ፊት ማየት አልቻልኩም። አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት ትንፋሽ፣ ሦስት። አራተኛውንም ጠበቁ።

«ጋሪ ነው» አሉ ለሴትዮዋ፣ ተቀመጡም።

ሴትዮዋ እኔን እያዩ አፋቸውን ሲከፍቱ ጋሽ ያፌት እጃቸውን በሴትዮዋ ክንድ ላይ ጣል አደረጉ። እኔ ዞርኩ። ጫማዬ ድምፅ እንዳይሰጥ በጣቴ እየረገጥሁ፣ ብርቱካኑን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ጋሪዎቹ በሚወጡበት በር ወጣሁ። ሰው መሆኔን እንዳያውቁ ነው እንደዚያ የሄድኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ በዘጠና አራቱም እንደዚያ አላፈርኩም።

ጋሽ ያፌት እስከ ዓመቱ መጨረሻ በስም የእኛ ብሎክ ነዋሪ ናቸው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ከመጡልኝ ሁለት መቶ ውስጥ አንዱ የአዳራሹ ነበር። አጣሪው ከላይ አስቀምጦታል፤ «ጎብኚ እንደ ጋሪ አለፈች» ይላል። ብርቱካን ያቀፈች ሴት፣ ወገቧን ዝቅ አድርጋ፣ በጣቶቿ ስትራመድ። ሌላ ሰው ብትሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር እለቅማት ነበር። መስመሩም መጥቶልኝ ነበር፤ አልጽፈውም።

ቪዲዮው እኔ ከወጣሁ በኋላም ይቀጥላል። አዳራሹ ጸጥ ያለ ስለሆነ ድምፁ ይሰማል።

«ሴት እኮ ናት፤ ብርቱካን ይዛ ነበር» ይላሉ ባለ ነጠላዋ ሴትዮ።

«አውቃለሁ» ይላሉ ጋሽ ያፌት።

«ታዲያ ጋሪ ነው አላሉም?»

«እግሯን አውቀዋለሁ። ከአምስተኛ ፎቅ ስትወርድ ስድስት ዓመት ሰምቻታለሁ። አፍራ ነው። ስሟን ብጠራባት ምን ትሆናለች?» ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ሲያለሰልሱት ይታያል። «ሌላ ቀን ትመጣለች።»

አልለቀምኩትም። ለአቶ ናኦድ ሌላ ለቃሚ ፈልግ አልኩት። «ምነው፣ የብሎክ 40 ሰዎች ጠሩሽ?» አለኝ፤ አይደለም አልኩ፣ አላመነኝም። እትዬ ሶልያና አሁን በሊፍቱ ይወርዳሉ፣ ጠዋት ጠዋት በጋሽ ያፌት አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። በመስኮት አያቸዋለሁ። ደስተኛ ናቸው። ማን እንዳወረዳቸው እየጠቀሱ ለኔ ጸሎት ያደርሳሉ አሉ፤ ሲነግሩኝ መሬት መሬት አያለሁ።

ያን ቪዲዮ ከሰማሁት አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ብርቱካኑ ተበላሸና ጣልኩት። ዛሬ ቅዳሜ ሌላ ገዛሁ። በደረጃው ስወርድ በየፎቁ ቆም እያልኩ «በእግዜር» የምትለዋን ቃል ለብቻዬ ተለማመድኳት፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በተዘጋው የጋሽ ያፌት በር ፊት፣ ሁለት ጊዜ አልኳት።

አውቶቡሱ ሰው ሞልቶታል። ወደ መንደሩ እየቀረብን ስንመጣ እጄ የመቀመጫውን ብረት ይዞ አልለቅ አለኝ፤ አሁንም ላልፈው እንደሆነ ገባኝ። አውቶቡሱ እዚያ እንደሚቆም አውቃለሁ፤ ማንም ባይነግረውም ይቆማል። ግን ለራሴ ካልነገርኩ አልወርድም።

«ወራጅ አለ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ሰው ሁሉ ዞረ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ስልኳን አወጣችና ወደ እኔ አዞረችው። ትቅረጸኝ ብዬ ተውኳት፣ ብርቱካኔን ይዤ ወረድኩ።